በሩ ላይ ያልጻፍኩት ስድስተኛ መስመር

ይሄ ነገር ሆኗል።

አውቃለሁ... የሚያውቁኝ ሰዎች ገና እዚህ ጋ ሲደርሱ ሊስቁ ነው። ሰፈር ውስጥ ስሜ "ቀደዳ" ነው። አንበሳ ጣሪያ ላይ ወጥቷል ብዬ ፖሊስ የጠራሁት እኔ ነኝ። የጎረቤታችን ፍሪጅ ያወራል ብዬ ግማሹን ሰፈር በር ላይ ያሰለፍኩትም እኔው ነኝ።

ይሄኛው ግን ቀደዳ አይደለም። ከዋሸሁ ይቺ እጄ ትቆረጥ። ከሰባተኛ ክፍል ካቋረጥኩ ወዲህ የምኖረው በእሷ ነው፤ ሰሌዳ ጸሐፊ ነኝ።

ቀኑ ማክሰኞ። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ተኩል። ጨለማ የለም፣ መብራት አልጠፋ፣ ዝናብ አልዘነበ። ፀሐይዋ ደረጃው ላይ እንደ እንግዳ ቁጭ ብላለች። ሦስተኛ ፎቅ... የእህቴ ቤት።

ግን ከሰሌዳው ልጀምር።

እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ አንዴ ከወጣ ለሁለት ወር የሚመጣው ድምፁ ብቻ ነው፣ እሱም እየተቆራረጠ። እናታችን የለችም።

ከሦስት ዓመት በፊት እህቴ ሴት ልጅ ወልዳ ነበር። ልጅቷ አሥራ አንድ ቀን ኖረች። በአሥራ አንድ ቀን ውስጥ አርባ ምናምን ሰው ገባ፣ ወጣ። አንዱ አነሳት፣ አንዱ ሳማት፣ አንዱ ፊቷ ላይ አነጠሰ። ከዚያ ትኩሳት... ከዚያ ዝምታ።

ሐኪሙ "ለትልቅ ሰው ተራ ጉንፋን ነው" አለ። ማን እንዳመጣው አልታወቀም። ሁሉም አለቀሰ። ሁሉም "እኔ አይደለሁም" አለ።

ስለዚህ ሁለተኛውን አርግዛ ስምንተኛ ወሯ ሲገባ፣ የስፌት መኪናዋን ገፋ አድርጋ ጠራችኝ።

"ስማ፣ ሰሌዳ ጻፍልኝ።"

"ለሱቅ?"

"ለበሬ።"

"በርሽ ደግሞ ምን ይሸጣል?"

አልሳቀችም። ሆዷን በሁለት እጇ ይዛዋለች፤ ሰው ሊነጥቃት የመጣ ይመስል።

"ከወለድኩ በኋላ ስድስት ሳምንት፣ እንደፈለገ ገብቶ ልጄን የሚነካ ሰው እንዲኖር አልፈልግም። እኔ አፍ አውጥቼ መናገር አልችልም፣ ያሸንፉኛል። ሰሌዳ ግን ይሉኝታ የለውም።"

ጻፍኩላት። በነጭ ላይ ሰማያዊ። አራት ነጥቦቹን በቀይ፣ ክብ ክብ አድርጌ፤ ይሄ የእኔ ፊርማ ነው፣ ከተማ ውስጥ ሌላ ማንም እንዲህ አያደርግም።

1. ሳትደውሉ አትምጡ።
2. እጃችሁን ሳትታጠቡ አትግቡ።
3. ጉንፋን ያለበት አይግባ።
4. ልጁን መሳም ክልክል ነው።
5. እናትየዋ በእጇ ካላቀበለች በቀር ልጁን ማንሳት ክልክል ነው።

ከአምስተኛው በታች አንድ ባዶ መስመር ተውኩ። ልማዴ ነው። ደንበኛ ሰሌዳው ከደረቀ በኋላ ሁሌ "ውይ፣ አንድ ነገር ረሳሁ" ይላል። ለዚያች ለተረሳችው ነገር ቦታ እተዋለሁ።

ምነው እጄን በሰበረው።

ሰሌዳውን የውጭው በር ላይ በሁለት ምስማር መታሁት። በሩ ሥር አንድ ሳፋ፣ አንድ ጀሪካን ውሃ፣ ሳሙናና ፎጣ አስቀመጥን። ዘመድ አንድ በአንድ እየመጣ አነበበ።

አማቷ፣ የባሏ እናት፣ መነጽራቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉ። "የልጅ ልጄን ለማየት ፈቃድ? ይሄ ቤት ነው ቢሮ?"

አጎታችን ደግሞ ጡረታ የወጡ ዘበኛ ናቸው። ሳልና እሳቸው ተለያይተው ስለማያውቁ ጋሼ ኡህ ኡህ እንላቸዋለን። ሦስተኛውን መስመር ሁለት ጊዜ አነበቡት።

"ይቺ... ኡህ... እኔን ነው?"

"ኧረ በጭራሽ፣ ጋሼ! በአጠቃላይ ነው።"

"በአጠቃላይ... ኡህ ኡህ... እኔን ነው።"

ልጁ ተወለደ። ወንድ። ቡጢውን ጨብጦ እንደ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ስለሚቆጣ "አለቃ" አልኩት።

በአራተኛው ቀን አማቷ ደወሉ። ሰባት ሆነው ሊመጡ ነው። ታክሲ ውስጥ ናቸው። እህቴ ክንዴን ያዘች፤ ጥፍሯ ሥጋዬ ውስጥ ገባ።

"አንተ አናግራቸው... በናትህ... እኔ እምቢ ማለት አልችልም... ሰባት ሰው..."

እኔ ደግሞ የማውቀውን አደረግኩ። ቀደድኩ።

"እማማ፣ ትልቋ አክስታችን መጥተው የለም እንዴ!"

"የቷ አክስት?"

"የእናታችን ታላቅ። አዋላጅ የነበሩት። ረጅም ናቸው፣ ግራጫ ሹራብ ነው የሚለብሱት። እጃቸውን በቀን መቶ ጊዜ ስለሚታጠቡ ሁሌ እርጥብ ነው። ሰው የሚባል አያስገቡም፤ እኔን ራሴን ደረጃ ላይ ነው የሚያናግሩኝ። ደግሞ ሲራመዱ ኮቴ የላቸውም፤ ኋላዎ ቆመው ነው የሚያገኟቸው።"

ኮቴ የላቸውም ያልኩት ለምን እንደሆነ አላውቅም። ቀደዳ ሲጥም እንዲህ ነው፣ ጨው ትጨምርበታለህ።

አማቷ ታክሲው እንዲመለስ ሲያዙ ሰማሁ።

እህቴ አፏን ይዛ ሳቀች። ከወለደች የመጀመሪያ ሳቋ ነበር። ከዚያ ሳቁ ቀስ ብሎ ከፊቷ ላይ ወረደና አልጋው ውስጥ ያለውን ልጅ አየችው።

"እንዲህ ያለች አክስት እውነት በኖረችኝ" አለች።

ይቺን ቃል ያዙልኝ።

ከዚያ በሦስተኛው ቀን ጋሼ ኡህ ኡህን መንገድ ላይ አገኘኋቸው።

"አክስታችሁ ጨዋ ሴት ናቸው።"

"የቷ?"

"ቅድም፣ ከሦስት ሰዓት በፊት ደረጃው ላይ አገኘኋቸው። ቁጭ ብዬ ትንፋሼን ስሰበስብ... ኡህ... ኋላዬ ቆመዋል። ጨበጥኳቸው። እጃቸው ግን ምነው እንዲህ ይቀዘቅዛል?"

እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ። ከሦስት ሰዓት በፊት የጨበጡትን እጅ።

ሳቅኩ። አማቷ ነግረዋቸው፣ ሁለት ሆነው የሥራዬን ሊሰጡኝ ነው አልኩ። እኔን? ቀደዳን? እሺ፣ ይሞክሩ!

በማግስቱ አማቷ ደወሉ። "አክስታችሁ ደወሉልኝ። 'ህጉን ስላከበሩ አመሰግናለሁ' አሉኝ። ምን ዓይነት ትህትና ነው! ግን ምነው ከኋላቸው ውሃ ይፈሳል?"

አሁንም ሳቅኩ... ትንሽ ቀነስ አድርጌ።

ከዚያ ሳሙናው።

ሰኞ ጠዋት አዲስ ሳሙና አስቀመጥኩ። ያን ቀን ማንም አልመጣም። ማታ ሥራ ጨርሼ ሳልፍ ሳሙናው እንደ ጥፍር ሳስቷል። ፎጣው ተጨምቆ፣ አራት ታጥፎ ተቀምጧል። እህቴ ፎጣ አራት አታጥፍም። እኔ ጭራሽ አላጥፍም።

ማክሰኞ መጣ። አለቃ አሥራ ሁለተኛ ቀኑ ነው። አሥራ አንድን አልፏል።

ሰሌዳ ስቀባ ውዬ፣ እጄ በቀለም እንደተዥጎረጎረ፣ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ደረስኩ። እህቴ ፀጉሯን አበጥራለች። ከዓይኗ ሥር ያለው ጥቁር ጠፍቷል። የስፌት መኪናዋ ላይ ቁጭ ብላ የሕፃን ሸሚዝ ትሰፋለች።

"ተኛሁ" አለችኝ። "ሦስት ሰዓት ሙሉ! እንደ ድንጋይ!"

"አለቃን ማን ያዘው?"

"አክስቴ።"

ሳቅኩ። አልሳቀችም።

"እታለም... አክስት የለንም።"

"ቀስ በል... ይሰሙሃል።"

"አንቺ እያለሽ እኮ ነው የዋሸሁት! አጠገቤ ቆመሽ ስቀሻል!"

"ደውለው ነው የመጡት" አለች፣ በሹክሹክታ። "ታጥበው ነው የገቡት። አላሳላቸውም፣ አላስነጠሳቸውም። አልሳሙትም። አንድ በአንድ... ሰሌዳህ እንዳለው።"

"አነሱት?"

"አላነሱትም።"

ትንፋሼ ተመለሰ።

"እኔ ነኝ ያቀበልኳቸው" አለች።

መኝታ ቤት ሮጬ ገባሁ። አለቃ አልጋው ውስጥ ተኝቷል፤ ደህና ነው፣ ይተነፍሳል። ግን ፀጉሩ እርጥብ ነው። ሳሙና ሳሙና ይሸታል።

ላነሳው እጄን ስዘረጋ እህቴ ጮኸች።

"እንዳትነካው! አልታጠብክም!"

"እንውጣ! አሁኑኑ ይዘነው እንውጣ!"

"ከነቀለምህ ልጄን አትነካም! ታጠብ!"

ዓይኗን አየሁት። ያቺን ልጇን እያየች ነበር፣ የአሥራ አንድ ቀኗን። በእሷ ላይ መጨከን አልቻልኩም... ወጥቼ ሳፋው ላይ አጎነበስኩ። በአንድ እጄ እየፈተግኩ በሌላው ለአማቷ ደወልኩ።

"እማማ፣ ኑ! ሁላችሁም ኑ! ሰባታችሁም! ታክሲ ያዙ!"

"ደግሞ ምን ልትቀድ ነው?"

"እውነቴን ነው፣ እግርዎ ላይ ልውደቅ፣ ልጁ..."

"አንተ ልጅ፣ አታፍርም? አሁን ከአክስታችሁ ጋር ስልክ ዘጋሁ። 'ልጁ ይሰናበትዎታል' ብለውኛል። እንዴት ያለ ቀልድ አዋቂ ሴት ናቸው!"

ዘጉት።

እህቴ ደረቅ ፎጣ ይዛልኝ በሩ ድረስ ወጣች። ሦስት እርምጃ ብቻ። ፎጣውን ተቀበልኳት።

አለቃ አለቀሰ... እና ለቅሶው መሃል ላይ ተቆረጠ። ሬዲዮ እንደሚዘጋ።

ዞር ስንል የመኝታ ቤቱ በር ተዘግቷል። ያ በር ቁልፍ ኖሮት አያውቅም። እኔ ገፋሁት፣ እሷ ገፋችው፣ እንደ ግድግዳ ቆመ።

በሩ ላይ ሰሌዳዬ ተሰቅሏል።

ዞሬ የውጭውን በር አየሁ። ሁለት ምስማር ብቻ።

ባዶ የተውኩት መስመር ተሞልቷል። ሰማያዊ ቀለም፤ አራት ነጥቡ በቀይ፣ ክብ ክብ። የእኔ ብሩሽ፣ የእኔ አጣጣል፣ የእኔ እጅ። በጣቴ ነካሁት... እርጥብ ነው።

6. እናትየዋም ሳትደውል አትምጣ።

እህቴ ያወጣችውን ድምፅ መጻፍ አልችልም።

ከሥር ፎቅ የሚኖር አናጢ መጥቶ በሩን ሰበረው። ክፍሉ ባዶ ነው። መስኮቱ በብረት የታጠረ ነው፣ ብረቱም አልተነካም። አንድም ግራጫ ክር አልተገኘም። አልጋው ብቻ ታጥቦ፣ ብርድ ልብሱ አራት ታጥፎ።

ፖሊስ መጣ። ስሜን ሲሰማ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "አንበሳውስ? ከጣሪያ ወረደ?" አለኝ። ተንበርክኬ ለመንኩት። ተንበርክኬ! ቀልዱ የተሳካልኝ መስሎት ሳቀ። ሲገባውና የእውነት መፈለግ ሲጀምር ሁለት ቀን አልፎ ነበር። ባሏ መንገዱን አቋርጦ መጣ፤ ከእኔ ጋር ቃል አይለዋወጥም። ልክ ነው።

አክስትየዋ የደወሉበት ቁጥር እህቴ ስልክ ላይ አለ። ማንም ሲደውልበት "ቁጥሩ አገልግሎት ላይ የለም" ይላል። እሷ ግን በየቀኑ ዘጠኝ ተኩል ላይ ስትደውል ይነሳል። ጆሮዬን አስጠግቼ ሰምቻለሁ። መጀመሪያ ውሃ ይፈሳል... ከዚያ ቀስ ያለ የአሮጊት ድምፅ።

"ታጥበሻል፣ የኔ ልጅ?"

"ታጥቤያለሁ።"

"ጉንፋን የለብሽም?"

"የለብኝም... እባክዎ... አንዴ ልየው... እግርዎን ልሳም..."

"መሳም ክልክል ነው። ስድስት ሳምንት አልሞላም።"

ይዘጋል።

እህቴ ትታጠባለች። ሌላ ሥራ የላትም። የእጇ ቆዳ ተሰነጣጥቋል፤ ሳሙናውን ስነጥቃት ሌላ ትገዛለች። አማቷ አሁን በየቀኑ ይመጣሉ፤ ሳይደውሉ፣ ሳይታጠቡ፣ እጇን ይዘው ያለቅሳሉ። አጎታችን ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ፤ ያ አክስትየዋን የጨበጡበት እጃቸው ዛሬም ወዝ ያወጣል፣ አይደርቅም።

ስድስቱ ሳምንት ትናንት ሞላ።

እህቴ ነጭ ለበሰች። ታጠበች። ዘጠኝ ተኩል ላይ ደወለች። ጠራ... ጠራ... አልተነሳም።

በዚህ መሃል ከመኝታ ቤቱ ውስጥ ውሃ ሲፈስ ሰማን። እዚያ ክፍል ውስጥ ቧንቧ የለም።

አናጢው የጠገነውን በር ከፈትነው። ባዶ። ውሃውም ቆመ።

ስንወጣ ሰሌዳውን አየሁ። ፖሊሶቹ እንኳ ሊነቅሉት ስላልቻሉ እዚያው በሩ ላይ ነው። ይሄን ሰሌዳ የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ ስድስት መስመር ነው የሚይዘው፣ በማስመሪያ ለክቼዋለሁ። አሁን ሰባት ይይዛል። ከስድስተኛው በታች አንድ ባዶ ቦታ አለ።

ባዶው ላይ ሁለት የእጅ አሻራ አለ። አንዱ ረጅም፣ ጣቶቹ ቀጫጭን። ሌላው የሻይ ማንኪያ ያህል።

ትንሹ ገና ውሃ ያንጠባጥብ ነበር።