አምስት ጥጋብ

በሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ሚያዝያ ሲብት፣ በጭሮ ከተማ በጫት ነጋዴው በኢርሻድ ግቢ ሁሉ ነገር በየቦታው ነበር፤ ሁለቱ ሚስቶቹ በአንድ ግድግዳ ተለያይተው ይኖራሉ፤ ታላቂቱ ኩብራ ልጇን አክረምን፣ ታናሺቱ ሰልዋም ሴት ልጇን ታጠባለች፤ አንዷ የሌላይቱን ልጅ ከቶ አታቅፍም።

በዚያው ሰሞን የኮሮና ወረርሽኝ መንገዱን ዘጋ፤ የሕፃናት የዱቄት ወተት ከየሱቁ ጠፋ፤ ኢርሻድ እስከ ሂርና ከተማ ድረስ ቢያፈላልግም አልተገኘም፤ ኩብራም ታመመች። ሐኪሙ መድኃኒት አዘዘላትና፣ «ወደ ወተትሽ ያልፋልና እስክትጨርሺው ልጁን አታጥቢው፤ ነገር ግን እሱ በሚጠባበት ሰዓት ሁሉ በእጅሽ እያለብሽ ድፊው፤ ካልታለበ ይደርቃል» አላት።

አማቷ ሐጃ ኡምኩልሱም ሕፃኑን አንስተው ለሰልዋ ሰጡት።

በሸሪዓው፣ አምስት ጊዜ ጠግቦ የጠባ ሕፃን ለአጥቢዋ ልጇ ይሆናል። ኩብራ ይህን ስለምታውቅ፣ «እማማ፣ ሳይጠግብ ይንጠቁልኝ» ስትል ለመነች። «ባሌን ወስዳለች፤ ልጄን አልጨምርላትም።»

«ባል የሚወሰድ ዕቃ ነው እንዴ? በገዛ እግሩ ነው የሄደው» አሉ አሮጊቷ።

ሆኖም እንደ ቃሏ አደረጉላት፤ አክረም ገና ሳይጠግብ ከጡት እየተነጠቀ ከግድግዳው ማዶ ሲያለቅስ ይውላል። ኩብራም ከወዲህ ጣሳ ይዛ ታልባለች፤ ቅናት ጡቷን ያነቀው ይመስል፣ ወተቱ ዕለት ዕለት አነሰ፤ የግራው ሊነጥፍ ደረሰ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሰልዋ አክረምን ታቅፋ በኩብራ በር ላይ ቆመች።

«ልጅሽ ከሳ» አለች፤ «ለእኔ እንደሆነ የራሴ አለኝ። ወይ ላጥግበው፣ ወይ ሌላ አጥቢ ፈልጊ።»

ኩብራ የልጇን ጉንጭ አየች፤ ጎድጉዷል።

«እዚሁ አጥቢው፤ እያየሁ።»

«እንዳልበላው ነው?»

«እንዳትወጂው።»

ሰልዋ ከት ብላ ሳቀችና ተቀመጠች፤ አክረምም እስኪጠግብ ጠባ። ኩብራ ዓይኗን ሳትነቅል ጡቷን ያዘች፤ ልጇ በዋጠ ቁጥር ደረቷን ይነዝራት ጀመር፤ ወተቱም የጣሳውን ቂጥ ሲመታ ተሰማ። ከዚያ ወዲህ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ አንዷ ታጠባለች፤ አንዷ እያለበች ትደፋለች። አምስተኛው ጥጋብ ሲያልፍ ኩብራ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች፤ እጇ ግን ማለቡን አላቆመም።

መድኃኒቱ አልቆ ሐኪሙ ሲፈቅድ፣ አክረም ወደ እናቱ ጡት ተመለሰ።

የዚያ ዘመን ታሪክ የተዘጋውን መንገድና የሞቱትን ያወሳል፤ የተደፋውን ወተት ያነሣ የለም። አክረም ዛሬ ሁለቱንም «እማዬ» ይላል፤ ሰልዋን ሲጠራ ኩብራ ቀድማ «አቤት» ትላለች። ሁለት ዓመት እስኪሞላው ጠብቷል፤ የኩብራ የቀኝ ጡት እንደ ቀድሞው ሞላ፤ የግራው ከግማሽ አላለፈም።