በምንጣፍ ሥር የተንበረከኩት መጋቢ

በ፲፱፻፵፫ ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የአሜሪካ ወታደሮች ለጦርነቱ በሩቅ ውቅያኖስ መካከል ባለችው በኡፖሉ ደሴት ከሰፈሩ ዓመት እንዳለፈ፣ የፋሌኡሉ መንደር መጋቢ ኤሊሳራ ጎሕ ሲቀድ ድንጋይና ማገዶ ተሸክመው ወደ ረግረጉ ወረዱ፤ ከመንደር በተባረረችው በሳኡማሉ ጎጆ ፊት ተንበርክከውም፣ ከሟች ባለቤታቸው የቀረውን የክብር ምንጣፍ በራሳቸው ላይ ደፉ። በደለኛ እንዲህ ሆኖ ሲመጣ «እንደ አሳማ ጠብሳችሁ ብሉኝ» ማለቱ ነው፤ የተበደለው ምንጣፉን ከገለጠለት ምሕረት አገኘ፤ ካልገለጠለት ደሙ በራሱ ላይ ነው። መጋቢ ግን በመንደሩና በእግዚአብሔር መካከል የቆመ ቃል ኪዳን ነውና፣ በሰው ፊት እንዲህ ሲወድቅ ማንም አይቶ አያውቅም።

ወታደሮቹ ቢራና ጭፈራ ይዘው በመጡ ጊዜ ኤሊሳራ የሰዶምን እሳት ሰበኩ፤ «ክፉውን ከመካከላችሁ አውጡ» የሚለውን ቃል ይዘውም፣ ሴት ልጁ ወደ ጦር ሰፈሩ የሄደችበት ቤተሰብ ቤቱ ተቃጥሎ ከመንደር ይውጣ የሚል ሕግ በአለቆች ጉባኤ አጸደቁ። መጀመሪያ የተቃጠለው የሳኡማሉ ቤት ነበረ። አሁን ደግሞ የገዛ ልጃቸው ፉአቲኖ ከአንድ ወታደር ፀንሳለች፤ ወታደሩም ወደ ጦር ሜዳ ተጭኖ ሄዷል።

ለአፓይ የሚባሉት የመንደሩ አለቃ በዋዜማው፣ «ሕጉ ለእኛ እንጂ ለእርስዎ አልወጣም፤ እርስዎ ዝም ይበሉ፣ እኛም ዓይናችንን እንጨፍናለን» ብለዋቸው ነበር።

«ለሳኡማሉ ያልተጨፈነ ዓይን ለእኔ ይጨፈን?»

«እንግዲያስ ቤትዎን እናቃጥል? ወይ ያባረርናት ትመለስ፤ ያን ጊዜ ሕጉም ይሻራል፣ ልጅዎም ትተርፋለች። ግን ማን ይለምናታል? እኔስ አልደፍርም፤ ምላሷን አውቀዋለሁ!»

ሳኡማሉ ወጥታ ስታያቸው ሳቀች።

«መጋቢ፣ ዛሬስ ሰዶምን የት ጥለዋት መጡ? ስብከት ከሆነ ጆሮዬ ሞልቷል።»

«ይቅርታሽን ልለምን ነው። ልጅሽን ቲሬሳን ይዘሽ ወደ መንደርሽ ተመለሺ።»

ሳቋ ተቆረጠ።

«ቲሬሳ በዚህ ረግረግ ስታምጥ ሞተች። አዋላጅ ባስጠራ ‹መጋቢው ይቆጡኛል› ብላ ቀረች። ምንጣፉን የምትገልጥልህ እሷ ነበረች፤ ሂድና ከመቃብር ጥራት!»

«እርስዎ» ማለቱን ትታ «አንተ» ማለቷን ኤሊሳራ እንደ ፍርድ ሰሙት። ሊጸልዩ ፈለጉ፤ በአፋቸው የመጣው ግን የራሳቸው ስብከት ብቻ ነበረ።

ቀትር ላይ ፉአቲኖ አባቷን ፈልጋ መጣች፤ ሆዷን ደግፋ ከምንጣፉ ሥር ገባችና ከጎናቸው ተንበረከከች። ሳኡማሉ ብዙ ካየቻት በኋላ የምንጣፉን አንድ ጫፍ አነሣች።

«አንቺ ውጪ፤ ይህ ድንጋይ ያንቺ አይደለም። ስንት ወርሽ ነው?»

«ሰባት፣ እማማ።»

«በይ ግቢ። እኔ አዋልድሻለሁ።»

«አባቴስ?»

ሳኡማሉ የምንጣፉን ጫፍ እንደ ነበረ መለሰች፤ ልጅቱን አስገብታም፣ በኤሊሳራ በኩል ያለውን የዘንባባ መጋረጃ አወረደች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ኤሊሳራ፣ ሰው ያልገለጠላቸውን ምንጣፍ በገዛ እጃቸው ገፈው ተመለሱ። ሳኡማሉ ወደ መንደር አልተመለሰችም፤ ሕጉም አልተሻረም፤ አለቆቹም እንዳሉት ለመጋቢው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ የፉአቲኖም ልጅ በረግረጉ ተወለደ። የዚያን ዘመን ነገር የጻፉ ሰዎች ወታደሮቹ የሠሩትን የአውሮፕላን ማረፊያና የመርከቦቻቸውን ብዛት ጽፈዋል፤ ፋሌኡሉም ኤሊሳራን ምግባር ያስጠበቁ ብርቱ መጋቢ ብላ ታነሣቸዋለች። የቲሬሳን መቃብር ግን ውኃው ስለ ዋጠው፣ ቦታውን የሚያሳይ ሰው የለም።