የቅዳሜ ልብስ

«ልጅዎ ዛሬ ጠዋት የት ነበር?»

ሎሪና ታኬት የጦር ሰፈሩ ምግብ አብሳይ ናት። ያን ቅዳሜ ወጥ ቤቱ ውስጥ፣ ያልተላጠ ድንች ፊቷ ተከምሮ፣ ቢላዋውን እንደጨበጠች ቀና አለች። የጠየቃት የወረዳው ፖሊስ መርማሪ ኤሞሪ ስላግል ነው፤ ትከሻው ጎበጥ ያለ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ የሚያዳምጥ ሽማግሌ። አልተቆጣም። አለመቆጣቱ ይበልጥ አስፈራት።

«አላውቅም፣ ጌታዬ። ስነሳ አልጋው ባዶ ነበር።»

አልጋው ሥር የሚቀመጠው ሻንጣም እንዳልነበረ ግን አልነገረችውም።

ጠዋት ከስም ጥሪው በኋላ፣ የፓራሹት ክፍሉ ኃላፊ ሃምሳ አለቃ ሃርላን ቮይት ሞቶ ተገኝቷል። የወደቀው እርጥብ ፓራሹቶች በሚሰቀሉበት የማድረቂያ ማማ ውስጥ፣ ከመሰላሉ ግርጌ፣ ጭንቅላቱ ከኋላ ተፈንክቶ ነው። በሰልፉ ላይ ስማቸው ተጠርቶ «አቤት» ያላሉት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ሟቹና የሎሪና ልጅ ዲዊ። ዲዊ ቁርስ ሊነሳ ሲል ጫማው ጭቃ በጭቃ ሆኖ መጣ። የት እንደነበረ ሲጠየቅ «መንገድ ላይ» ከማለት በቀር ትንፍሽ አላለም። አሁን ዘበኞቹ ክፍል ውስጥ ተቆልፎበታል። አዛዡ ኮሎኔል ሆስቴተርም እሑድ ማታ ለወረዳው እስር ቤት አስረክበዋለሁ ብለዋል።

ዲዊን እዚህ ያስገባችው እሷ ናት። የሰፈሯ ልጆች አንድ በአንድ ወደ ቬትናም ሲሄዱ፣ በወር አንድ ቅዳሜና እሑድ ብቻ የሚሠለጥነው ተጠባባቂ አየር ኃይል ከሞት መሸሸጊያ መስሎ ታያት። ተራ የሚጠብቀው ወጣት ብዙ ነበር። እሷ ሻምበል ባሻ ኦሪን ቢክልን ለመነች፤ ቢክል ለኮሎኔሉ ተናገረ፤ ልጇ ገባ። ለእሷ የሰፈሩ ደግ ሰው ቢክል፣ ክፉው ደግሞ ልጇን ባየው ቁጥር የሚሰድበው ቮይት ነበር።

መሸሸጊያው ግን ወጥመድ ነበረው። ሦስት ጊዜ ከሰልፍ የቀረ ሰው ስሙ ለመደበኛው ጦር ይተላለፍና በቀጥታ ወደ ጦር ሜዳ ይላካል። ዲዊ ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ቀርቷል።

«ይነሱና ማማውን ያሳዩኝ» አለ ስላግል።

«እኔ?»

«እዚህ ግቢ እንደ እኔ የደንብ ልብስ የሌለው ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት። ሌሎቹን ሳነጋግር የሚመልስልኝ ማዕረጋቸው ነው።»

ሎሪና እጇን በሽርጧ ጠርጋ ተከተለችው።

ፓራሹት ክፍሉ ውስጥ፣ ከዳር እስከ ዳር በተዘረጋው ረጅም ጠረጴዛ ጫፍ ላይ፣ ቢክል ብቻውን ተቀምጦ ነበር። ፊቱ ቀይ፣ ሰውነቱ ደልደል ያለ ሰው ነው። ብድግ አለ።

«አይዞሽ ሎሪና። ልጅ ነው፤ ንዴት አሸንፎት ነው። ዳኛም ይህን ያያል።»

አነጋገሩ ደግ ነበር። ሎሪና ግን ግድግዳውን ያዘች።

ስላግል እንዳልሰማ ሆኖ «ከሟቹ ጋር እንዴት ነበራችሁ?» አለ።

«ከሰኞ እስከ ዓርብ አለቃዬ እሱ፣ ቅዳሜና እሑድ አለቃው እኔ።» ቢክል ፈገግ አለ። «ለእንግዳ ግራ ነው። እሱ፣ እኔና ሻለቃ አምስለር በሥራ ቀናት ሲቪል ሠራተኞች ነን፤ ቱታ ለብሰን ንብረቱን እንጠብቃለን። ቅዳሜ ሌሎቹ ከየባንኩና ከየእርሻው ይመጣሉ፤ እኛም ማዕረጋችንን እንለብሳለን። ዓርብ የሚጮህብኝን ሰውዬ ቅዳሜ አሰልፈዋለሁ።»

«ትናንትስ ጮኸብዎት?»

«ቮይት ያልጮኸበት ማን አለ? ዲዊንማ ‹ዊጋሙ› እያለ ነበር የሚጠራው።»

እውነት ነው። ዲዊ ፀጉሩን አሳድጎ ቅዳሜ ቅዳሜ በአጭር ዊግ ይሸፍነዋል። ከወጣቶቹ እኩሌታው እንደዚያው ነው፤ ኮሎኔሉም አይተው እንዳላዩ ያልፋሉ።

«ዛሬ ጠዋት መሞቱን በምን አወቃችሁ?»

ቢክል መርማሪውን እንደ ሞኝ አየው። «የደንብ ልብሱን ለብሶ ነዋ! ዓርብ ቢሆን ቱታ በለበሰ ነበር። ሐኪማችን በሥራ ቀን ጥርስ ነቃይ ነው፤ ማማው ስለሚሞቅ ሰዓቱን መለየት አቃተኝ ብሏል። ልብሱን ያየ ሰው ግን ሐኪም አያስፈልገውም።»

«እርስዎ ጠዋት የት ነበሩ?»

«ሰልፍ ላይ። ስም የምጠራው እኔ ነኝ እኮ። ግቢው በሙሉ አይቶኛል።»

ስላግል በክፍሉ ውስጥ ቀስ እያለ ዞረ። መስኮቱ ደፍ ላይ ካለች ሰሃን ውስጥ የእጅ ሰዓትና ቀለበት አነሳ።

«የእሱ ናቸው» አለ ቢክል። «ጨርቁን እንዳይቧጭሩ፣ ፓራሹት ከመንካታችን በፊት እናወልቃለን።»

ግድግዳው ላይ የበራሪዎቹ ፓራሹቶች በየስማቸው ተሰቅለዋል። አንዱ ማንጠልጠያ ባዶ ነው። ሎሪና ማታ ማታ ማንበብ ትማራለች፤ ከባዶው ማንጠልጠያ በላይ ያለው ስም ግን ፊደል መቁጠር አላስፈለገውም። የልጇ ስም ነበር።

ማማው ውስጥ ከላይ አራት ነጫጭ ፓራሹቶች ተንጠልጥለዋል። ስላግል አንድ በአንድ ዳሰሳቸው፤ ደረቅ ነበሩ። የሦስቱ ጠርዝ የሐይቅ አረንጓዴ ነክቶታል። የአራተኛው ጠርዝ ንጹሕ ነው። ከዚያ ሬሳውን የሸፈነውን አንሶላ ገለጥ አደረገ። ሎሪና ፊቷን ልታዞር ስትል ሸሚዙን አየች። በስታርች ተተኩሶ እንደ ካርቶን የቆመው ጨርቅ ደረቱና ትከሻው ላይ ክብ ክብ ነጠብጣብ አለበት፤ አቧራ ላይ ዝናብ ጀምሮ የተወ ይመስላል። ስላግል እዚያ ላይ ብዙ ቆየ።

ሻለቃ አምስለርን ሃንጋሩ በር ላይ አገኙት፤ ከሲታ፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ሰው።

«ማማው ውስጥ የተሰቀሉት ከየት መጡ?» አለው ስላግል።

«ሐሙስ ሌላ ክፍል በልምምድ ሐይቅ ውስጥ የጣላቸውና ለእጥበት የላካቸው ሦስት ናቸው። ቮይት አጥቦ ትናንት ከሰዓት ሲሰቅላቸው አይቻለሁ።»

«ተጣልታችኋል ይባላል።»

«ምሳ ላይ ተጯጯህን።» አምስለር ወደ ቆሙት አሮጌ አውሮፕላኖች አገጩን አነሳ። «ይህ ክፍል በኮሪያ ጦርነት ጊዜ ለዘመቻ ተጠራ፤ ሰዎቹም አውሮፕላኖቹም ለሌላው ጦር ተከፋፈሉ። ከባዶ ገነባነው። በስልሳ አንድም ተጠራን፤ በስልሳ ስምንትም። በየመሃሉ ከላይ ያሉት በትናንሽ ቡድን ይቆራርጡናል። ፓራሹት ክፍሉ ስምንት ሰው ነበረው፤ አሁን ሁለት ነው። ቮይት ለዋናው መምሪያ ልጩህ አለ። እኔ ዝም በል አልኩት። ከጮኽን ይዘጉናል።»

ዘበኞቹ ክፍል ውስጥ ዲዊ እናቱን ሲያይ ብድግ አለ። ዊጉ በአንድ ጆሮው በኩል ተንሸራቷል።

«እማ፣ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«የት ነበርክ ልጄ? ንገራቸውና ይለቁህ!»

«ብነግራቸው ይብሳል።»

«ሰውዬው ሞቷል እኮ! ገዳይ ከመባል ምን ይብሳል?»

ዲዊ ዊጉን አቃና።

ስላግል «ዛሬ ልትበር ነበር?» አለው።

«አዎ። የጭነቱ በር ሲከፈት ጫፉ ላይ የምቆመው እኔ ነኝ።»

«ፓራሹትህ ማንጠልጠያው ላይ የለም።»

«እንዴት አይኖርም? ቢክል ነው ያጠፈው፤ እጥፋቱን የሚዘጋው የብረት ማኅተምም አዲስ ነው።» ቆም አለና «ቮይት ባለፈው ወር ‹አንተ ዊጋም፣ ከመብረርህ በፊት ያንተን ራሴ ነኝ የማየው› አለኝ። ስድብ መስሎኝ ተናድጄ ነበር» አለ።

ስላግል ባርኔጣውን አጠለቀ። ለሎሪና አንዲት የተስፋ ቃል አልሰጣትም። ያን ሌሊት አልተኛችም።

እሑድ ከሰዓት ሁሉም ምግብ ቤቱ ውስጥ ተሰበሰቡ። ኮሎኔሉ ከፊት ተቀመጡ፤ አምስለርና ቢክል ከጎናቸው። ዲዊ በሁለት ዘበኞች መካከል ቆመ። ስላግል ረጃጅሞቹን የምግብ ጠረጴዛዎች አስገጥሞ፣ ከማማው ያወረደውን አራተኛ ፓራሹት ጠቅልሎ አስቀምጦባቸዋል። ሎሪና ከመደርደሪያው ኋላ ሆና ትንፋሿን ያዘች።

«እናንተ እዚህ ቀኑን የምታነቡት በልብስ ነው» ብሎ ጀመረ ስላግል። «ቱታ ከሆነ ዓርብ፣ ማዕረግ ከሆነ ቅዳሜ። ሬሳውን ያየ ሁሉ ቅዳሜ አለ። ስለ ዓርብ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። ገዳዩም ይህን ስለሚያውቅ ሟቹን ቱታውን አውልቆ የቅዳሜ ልብሱን አለበሰው፤ የወደቀ እንዲመስልም ማማው ውስጥ አጋደመው።»

«ማስረጃዎ ምንድን ነው?» አሉ ኮሎኔሉ።

«ውሃ። ሸሚዙ ላይ ጠብ ጠብ ብሎ የደረቀ ነጠብጣብ አለ። ፓራሹቶቹ የታጠቡት፣ የተሰቀሉትና የሚያንጠባጥቡት ዓርብ ከሰዓት ነው። ቅዳሜ ጠዋት እንደ ብስኩት ደርቀው ነበር። ስለዚህ ቮይት ያን ልብስ ለብሶ እዚያ ወለል ላይ የተጋደመው ዓርብ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የማማ ጠብታ የሰማ ሰው ጠብታውን ልብ አይለውም።»

ስላግል ባርኔጣውን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አኖረ።

«ሰዓቱና ቀለበቱ ደግሞ ሰሃን ላይ ነበሩ። ወደ ሰልፍ የሚሄድ ሰው ሰዓቱን ያስራል። ያወለቀው ፓራሹት ሊነካ ነው፤ እየሠራ ሳለ ሞተ ማለት ነው። አሁን፣ ዓርብ እዚህ ግቢ ማን ነበር? ይህ ልጅ ከተማ ውስጥ ጎማ ሲቀይር ውሏል፤ አሠሪውን ጠይቄያለሁ። የቀሩት ሻለቃ አምስለርና ሻምበል ባሻ ቢክል ናቸው።»

«እኔ የተጯጯህኩት ዓርብ ምሳ ላይ ብቻ ነው...» ብሎ አምስለር ተነሳ።

«ይቀመጡ፣ ሻለቃ። ሐይቅ የገቡት ሦስት ናቸው፤ ማማው ውስጥ ግን አራት ተሰቅለዋል። አራተኛው ለምን ተሰቀለ?» ስላግል የጨርቁን ጫፍ ይዞ ጠረጴዛዎቹ ላይ ዘረጋው።

ነጩ ጨርቅ ላይ ቢጫ መስመሮች ታዩ፤ ቁም ሳጥን ውስጥ ተረስቶ የከረመ የጠረጴዛ ልብስ ይመስላል። በእጥፋቱ ጥግ ላይ ጨርቁ ከጨርቅ ጋር ተጣብቋል። አምስለር ለማላቀቅ ሲሞክር እንደ ወረቀት ተቀደደ።

«ይህ ዓመታት ሙሉ አልተከፈተም» አለ አምስለር፣ ድምፁ ወርዶ።

«ማኅተሙ ግን አዲስ ነበር። ሥራው እየተጠራቀመ ሲሄድ፣ አንድ ሰው ፓራሹቶቹን በየጊዜው ከፍቶ እንደገና ማጠፉን ትቶ አሮጌውን ማኅተም በአዲስ መለወጥ ጀመረ። ዓርብ ቮይት ይህን ፓራሹት ከባለቤቱ ማንጠልጠያ አወረደ፣ ማኅተሙን ቆረጠ፣ እጥፋቱን አየ። ገዳዩም እጥፋቱ በሙቀት እንዲለቅ ማማው ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ሰቀለው። የቮይትን ቱታ ደግሞ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ሰቀለ። ኪሱን ግን አልፈተሸም።»

ስላግል መዳፉን ዘረጋ። ተቆርጣ የወጣች ትንሽ የብረት ማኅተም ነበረች።

«እያንዳንዱ አጣፊ የራሱ ምልክት አለው። የሁለት ሰረዙ የማን ነው?»

የሁሉም ዓይን ወደ ቢክል ዞረ። እሱ እጆቹን እያየ ነበር።

«የስምንት ሰው ሥራ ነው» አለ በመጨረሻ። «ስምንት! ማን ያደርሰዋል? ከነዚህ አሮጌ ሣጥን አውሮፕላኖች ማን ይዘላል ብዬ ነው። እሱ ግን ቅዳሜ በሰልፉ ፊት እናገራለሁ አለ። እኔ በማሰልፋቸው ልጆች ፊት! ገፈተርኩት። የጠረጴዛው ብረት... ልገድለው አልነበረም።»

ሎሪና ከመደርደሪያው ኋላ ወጣች። ድምፅዋ የራሷ አልመሰላትም።

«ኦሪን፣ ልጄ ያንን ታጥቆ በሩ ላይ ሊቆም ነበር?»

ቢክል እጆቹን ጠረጴዛው ሥር ደበቀ።

«ልጄን ያስገባህልኝ አንተ ነህ። በየገናው ኬክ ጋግሬ የማመጣልህ ለዚህ ነበር?»

ዘበኞቹ ወስደውት ወጡ። ያ ለልጇ ስድብ የመሰለው የቮይት ቃል፣ ‹ያንተን ራሴ ነኝ የማየው› ያለው፣ ጆሮዋ ውስጥ ነበር፤ ለቮይት አንድ ቀን እንኳ ኬክ አቅርባለት አታውቅም።

«ልጅዎ ጠዋት የት ነበር ያልኩት የመጀመሪያ ጥያቄዬ ከእንግዲህ የእኔ ሥራ አይደለም» አላት ስላግል ሲሰናበታት። «እኔ የምፈልገው ስለ ዓርብ ነበር።»

ኮሎኔሉ ግን አልወጡም። ዲዊ ፊት ቆሙ።

«ከግድያው ነፃ ነህ። ቅዳሜ ከሰልፍ መቅረትህ ግን አልተሰረዘም፤ ሦስተኛህ ነው። እኔ መደበቅ አልችልም።»

«ጌታዬ፣ እባክዎ!» ሎሪና እጃቸውን ልትይዝ ደረሰች። «አንድ ልጅ ነው ያለኝ።»

ኮሎኔሉ መስኮቱን አዩ፤ ከዚያ መለዮአቸውን አጠለቁ። «ስሙን የምታስተላልፈው ጸሐፊ የምትገባው ሰኞ ነው» ብለው ወጡ። እስከዚያ አንድ ሌሊት ሰጧት ማለት ነው።

ዲዊ ያኔ ነገራት። ቅዳሜ ጠዋት አውቶቡስ ተራ ነበር፤ ከዘመቻው ሸሽቶ ወደ ካናዳ ሊሻገር።

«ትኬትም ቆርጬ ነበር፣ እማ። አውቶቡሱ ሲመጣ እግሬ አልነሳ አለ። ሳልሰናበትሽ እንዴት ልሂድ?»

«ወይ ልጄ! ብትሄድ ኖሮ ገዳይ ነው ብለው ያሳድዱህ ነበር።»

«አሁንስ?»

ሎሪና ሽርጧን ፈታች። ሻንጣውን መንገድ ዳር ከደበቀበት ቁጥቋጦ ውስጥ ራሷ አወጣችለት።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አውቶቡሱ መጣ። ሎሪና ከሾፌሩ ራስ በላይ የተጻፈውን ፊደል በፊደል ቆጠረችው። ቡ፣ ፋ፣ ሎ። ከዚያች የድንበር ከተማ ወዲያ ድልድይ ነው፤ ከድልድዩ ማዶ ሌላ አገር። ዲዊ ዊጉን አውልቆ እጇ ላይ አኖረላት፤ ረጅሙ ፀጉሩ ትከሻው ላይ ወረደ።

«እየበላህ» አለችው።

ቢክል በወረዳው መኪና ሄደ። ዲዊ በአውቶቡስ ሄደ። ሎሪና ቀረች።