ታኮውን የሰቀለው እጅ

ጡረታ የወጡት የጦር አውሮፕላን አብራሪ በጋራዣቸው ውስጥ፣ የመኪናቸው መሪ ላይ ተደፍተው ሞተው ተገኙ። የጋራዡ በር ተዘግቷል፤ ሞተሩ ግን ይሠራ ነበር። ግንባራቸው ላይ ያለውን እብጠት ሁሉም «ሲደፉ መሪው መቷቸው ነው» ብሎ አለፈው።

ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት መርማሪ ግን አላለፈችውም። አለቃዋ በየቀኑ ይደውልላታል።

«ሰውዬው ራሱን አጥፍቷል። ዝጊውና ወደ ሌላ ሥራ እንሂድ።»

«የልጅ ልጁን ከትምህርት ቤት ሊያመጣ የተዘጋጀ ሰው?» አለችና ስልኩን ዘጋችው።

ቤት ውስጥ የነበሩት ሚስታቸው፣ ልጃቸውና የልጃቸው ባል ብቻ ናቸው። ደጋግማ ጠየቀቻቸው። «አላየሁም፣ አላውቅም» ነው መልሱ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነባት።

«እናቴ፣ ሞተሩ ሲነሳ ምን አሉ?» አለቻቸው ሚስትየዋን።

«ምን እላለሁ? ሕፃኗን ሊያመጣ ነው ብዬ ሽንኩርቴን መክተፍ ቀጠልኩ።» የሚስትየዋ ድምፅ ሻከረ። «ዕድሜ ልኩን ለቤቱ ሲንገበገብ ኖሮ፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ጥሎኝ ይሂድ? ይህንን አልምረውም።»

የልጃቸው ባል ከረሜላ እየመጠጠ ነበር የመለሰላት። ከረሜላው የመጠጡን ሽታ አልሸፈነውም።

«ተኝቼ ነበር።»

«በጠራራ ፀሐይ?»

«ደክሞኝ ነበር። መተኛትም ወንጀል ሆነ?»

መርፌ ተመልሳ ጋራዡ ውስጥ ቆመች። ግድግዳው ላይ፣ ከራሷ በላይ፣ አንድ የእንጨት ሽብልቅ ተሰቅሏል። የአብራሪውን ልጅ ጠራቻት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የጎማ ታኮ ነዋ። አባዬ ከአየር ኃይል ያመጣው አመል ነው። መኪና ሲቆም እንዳይንሸራተት ጎማው ሥር ታኮ ይደረግበታል። ሞተር ሲነሳ ሹፌሩ ንቅንቅ አይልም፤ ሌላ ሰው ታኮውን አንስቶ ያሳየዋል። ቤታችን እኮ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። የሞተር ድምፅ ከሰማን እጃችን በራሱ ነው የሚሄደው።»

«ያን ዕለትስ ታኮ ነበረው?»

«ጠዋት ከገበያ ስንመለስ ከወለሉ አንስቼ ራሴ ነኝ ያደረግኩት።»

መርፌ ሦስቱንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«እናቴ፣ እስቲ ታኮውን ያውርዱልኝ።»

ሚስትየዋ እጃቸውን ዘረጉ፤ አልደረሱም። ልጅቷ በእግሯ ጣቶች ብትቆምም አልሆነላትም። ባሏ ተሰላችቶ «አሁን ይሄ ምን ይባላል?» አለና ክንዱን ሰደድ አድርጎ አወረደው።

«ሊሞት የተቀመጠ ሰው ታኮ አያነሳም፤ የትም አይሄድማ» አለች መርፌ። «ቢያነሳ እንኳ አብራሪው ከልጃቸው ያጥራሉ፤ እዚህ ደግሞ መሰላል የለም። ስለዚህ አንስቶ የሰቀለው ሌላ ሰው ነው። ከውጭ የመጣ ገዳይ ቢሆን ታኮው ምኑ ነው? ይህ እጅ የዚህ ቤት እጅ ነው፤ ሞተር ሲሰማ ሳያስብ የሚሄድ። አሁን ሳታስብ እንዳወረድከው ያኔም ሳታስብ ሰቀልከው።»

ሰውዬው እጁ ላይ ያለውን እንጨት አየና አንገቱን ደፋ።

«ቁልፉን ቀሙኝ። ‹ጠጥተህ ሕፃኗን አታመጣም› አሉኝ። ገፋኋቸው፤ ግንባራቸው ከጋራዡ ጠረጴዛ ጋር ተጋጨ። ሞተዋል ብዬ ነው መኪናው ውስጥ አስቀምጬ ሞተሩን ያስነሳሁት፤ ራሳቸውን ያጠፉ እንዲመስል።»

«አልሞቱም ነበር። አስከሬናቸውን የመረመረው ሐኪም ሳንባቸው ውስጥ ጭስ አግኝቷል። እየተነፈሱ ነበር።»

ሚስትየዋ ወደ ልጃቸው ባል ዞሩ።

«ጥሎኝ ሄደ እያልኩ ስረግመው» አሉ ቀስ ብለው፣ «አጠገቤ ተቀምጠህ ‹አይዞዎት እማማ› ትለኝ ነበር።»