ስድስት ወደ ምሥራቅ፣ አራት ወደ ሰሜን

የወጣቱ ቀያሽ አጎት በረሃው መሀል ወገባቸው ድረስ ቆፍረው ሲገቡ አካፋቸው የሚያወጣው ደረቅ ጠጠር ብቻ ነበር። የትናንቱ አውሎ ነፋስ መኪናቸውን አሸዋ ውስጥ ቀብሮታል፤ የቀራቸው ውሃ ለአንድ ቀን ቢበቃ ነው። ሁለቱ የወጡት ለአንድ አዲስ መንደር ሦስት የተረሱ ጉድጓዶችን ሊፈልጉ ነበር፤ አጎቱ ቆፋሪ፣ ወጣቱ ቀያሽ ሆነው።

«ጉድጓዱ እዚህ ነው አላልከኝም?» አሉ አጎቱ፣ የተላጠ መዳፋቸውን በጨርቅ እየጠቀለሉ።

«እርስዎ ሲነዱ አቅጣጫ ስተው ነው» አላቸው ቀያሹ።

ሐሰት ነበር። ጉድጓዶቹ የተመዘገቡበት አሮጌ ካርታ ርቀት የሚቆጥረው ከፈረሰ ግንብ፣ እነሱ የያዙት አዲሱ ካርታ ግን ከኮረብታ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ነጥብ ሦስት ካሬ ወደ ምሥራቅ፣ ሁለት ካሬ ወደ ሰሜን መዛወር ነበረበት፤ አንዱ ካሬ አንድ ኪሎ ሜትር። አምስት ወደ ምሥራቅ፣ አራት ወደ ሰሜን ላይ የነበረው ጉድጓድ ስምንት፣ ስድስት ላይ መግባት ሲገባው እሱ ሁለት፣ ሁለት ላይ አስገባው። መደመሩን ትቶ ቀነሰ።

«ሁለተኛው ጉድጓድ ቅርብ ነው፤ ውሃችን ያደርሰናል» ብለው አጎቱ ጀሪካኑን አነሱ።

ሦስቱም ነጥቦች አብረው ነው የተዛወሩት። አንዱ ከሳተ ሁሉም በዚያው ልክ ስተዋል። ዝም ካለ የሚገድላቸው እሱ ነው።

«ጋሼ፣ እዚያም የለም። አሰላሉን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። የዚህኛው ትክክለኛ ቦታ ከዚህ ስድስት ወደ ምሥራቅ፣ አራት ወደ ሰሜን ነው።»

«መቼ አወቅህ?»

«ጠዋት።»

«ስቆፍር እያየኸኝ?»

አንገቱን ደፋ። «እያየሁዎት።»

አጎቱ ጀሪካኑን አንግበው ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዞሩ። ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ ያሳደጉት፣ ለትምህርቱ ሲሉ ጉልበታቸውን የጨረሱ ሰው ናቸው። ቢሰድቡት በተሻለው ነበር።

በኮምፓስ እየተመሩ፣ እርምጃ እየቆጠሩ ገሰገሱ። ስድስተኛውን ኪሎ ሜትር ጨርሰው ወደ ሰሜን ሲታጠፉ ጀንበር አዘቀዘቀች፤ የአጎቱን መዳፍ ደም ያሸተቱ ሁለት ጅቦችም ከኋላ ተከተሏቸው። ቀያሹ አካፋውን ተቀብሎ ከኋላ ሆነ። አንዱ ጅብ ተወርውሮ የሱሪውን ጫፍ ሲነክስ በአካፋው ጠርዝ አፍንጫውን አለው። ጅቡ እያላዘነ ሸሸ፤ ሁለተኛውም ተከተለው።

ጉድጓዱ በድንጋይ ተከድኖ ቆያቸው። ድንጋዩን ገፍቶ፣ ቆርቆሮ በገመድ አውርዶ ውሃ ቀዳ፤ በሁለት እጁ ለአጎቱ አቀረበ። አጎቱ ጠጡ፤ ግን ቀና ብለው አላዩትም።

«ይቅር ይበሉኝ» አለ።

«ስህተቱንማ ማንም ይሳሳታል» አሉ አጎቱ፣ አፋቸውን እየጠረጉ። «አንተ እያወቅህ የቆፈርኩት ግን እጄን ነው የላጠው። ነገ ወደ ሁለተኛው እንሄዳለን። አሁን እዚሁ ፊቴ፣ ጮክ ብለህ አስላው።»

ቀያሹ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። አጎቱ እያንዳንዱን ቁጥር እንዲያዩ ወደ እሳቸው ተጠጋ።

«ሰባት ሲደመር ሦስት…» ብሎ ጀመረ።