ሰባተኛው ኮምፒውተር

«እስከ ነገ ጠዋቱ ፈተና አሥራ ስድስቱም ኮምፒውተሮች አንድ ዓይነት ይሁኑ» አሉ የኮምፒውተር መምህሩ፣ የክፍሉን ቁልፍ እየሰጧት። «የአንዱ ሜኑ ላይ፣ የሌላው ታች የሚባል ነገር አልፈልግም። የአምናው ይበቃናል።»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ጓደኞቿ «ኮሚቴ» ይሏታል፤ ያልገባችበት ሥራ የለማ። የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተሮች የሚሠሩት ማንም እንዳሻው በሚቀያይረው ነፃ ሲስተም ነው። አምና ሦስቱን «ላሳምራቸው» ብላ ሜኑውን ወደ ጎን አዞረችው። በፈተናው ቀን የመቀመጫ እጣ አንዲት ተማሪን ከሦስቱ አንዱ ላይ ጣላት። ተማሪዋ የጻፈችውን ሴቭ የምታደርግበትን ቦታ ስትፈልግ ሰዓቱ አለቀና እያለቀሰች ወጣች። ኮሚቴ ያንን ለቅሶ ዛሬም አልረሳችውም።

ስለዚህ ሳታንገራግር ጀመረች። ስድስቱን አስተካክላ ሰባተኛው ላይ ስትደርስ የአክስቷ ልጅ በሩን ገፍቶ ገባ።

«እሱን ተይው።»

ሰባተኛውን እንደዚያ ያደረገው እሱ ነው፤ ጥቁር መደብ፣ አውራ ጣት የሚያካክሉ ፊደሎች። ዓይኑ እየደከመ መሆኑን ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም። ልጆቹ «የሽማግሌ ኮምፒውተር» ብለው ሲስቁ አብሯቸው ይስቃል።

«እሺ ልተወው። ነገ እጣው ሌላ ቦታ ቢጥልህስ?»

ስክሪኑን በመዳፉ ሸፈነው።

«ለቲቸር ልንገራቸው?»

«ሞቼ እገኛለሁ! እማዬ ከሰማች እንቅልፍ አይወስዳትም። በናትሽ።»

ሲወጣ ተናደደችበት፤ አንጀቷንም በላት። ኮምፒውተሮቹ ከተለያዩ የአምናው ይደገማል። አንድ ከሆኑ ደግሞ እሱ ጥያቄውን እንኳ ሳያነብ ይወጣል። ተነስታ ወደ መምህሩ ቢሮ ሄደች።

«ቲቸር፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ይሆናሉ። ግን እያንዳንዱ ላይ ሁለት ምርጫ ልጨምር? አንዱ የተለመደው፣ ሌላው ትልልቅ ፊደል ያለው። ሲከፍቱት የፈለጉትን ይመርጣሉ።»

«ለማን ነው?»

ስሙ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው።

«ለሚያስፈልገው።»

መምህሩ ትክ ብለው አዩዋት። «አሥራ ስድስቱንም አንድ በአንድ ትሞክሪያለሽ። አንዱ ቢበላሽ የምጠይቀው አንቺን ነው።»

«እሺ።»

ስለ ዓይኑ ለአክስቷ ራሱ እንዲነግራት ታደርገዋለች፤ ይህ ግን ከፈተናው በኋላ ነው። ተመልሳ ሰባተኛው ፊት ተቀመጠች። የትልልቁን ፊደል አሠራር የምትገለብጠው አሁን ከዚህ ኮምፒውተር ነው። ከዚያ የጨረሰቻቸውን ስድስቱን እንደ አዲስ ከፈተች።