የአለቃ ምላስ

እስስቱ የሞተው እሑድ ጠዋት ነው። ሰዓት ሠሪው ሽማግሌ በነጭ መሐረብ ጠቅልለው የሥራ ጠረጴዛቸው ላይ አስተኝተውታል። ሐኪሟ ገና እግሯ ደጃፉን ሳይረግጥ፣ «ተመርዞ ነው፤ ማን እንደመረዘውም አውቃለሁ» አሏት።

«ካወቁማ እኔን ምን አደከሙኝ?» አለች ቦርሳዋን እያስቀመጠች።

«ማረጋገጫ እፈልጋለሁ። ከዚያ በኋላ ያቺ ልጅ እዚህ ደጃፍ ዝር አትልም!»

ያቺ ልጅ ያሏት አንድ ልጃቸውን ነው። ሚስታቸው ከሞቱ ስምንት ወራቸው ነው፤ ከልጃቸው ሌላ ዘመድ የላቸውም።

ሐኪሟ የእንስሳት ሐኪም ትሁን እንጂ ባልደረቦቿ መርማሪዋ ይሏታል። የታመመ ውሻ ሲያመጡላት ከውሻው ይልቅ ባለቤቱን ነው አፍጥጣ የምታየው። እንስሳ አይዋሽም፣ የሚዋሸው አስታማሚው ነው ባይ ናት። በዚህ ጠባይዋ ወዳጅ አልበዛላትም፤ በዕረፍት ቀኗ ለሥራ ሲጠሯት ቅር የማይላትም ለዚሁ ነው።

መሐረቡን ገለጠች። ሟች ሚስታቸው እስስቱን አለቃ ብለው የሰየሙት አንድ ዓይኑን ሰው ላይ፣ ሌላውን ጣሪያ ላይ አድርጎ ስለሚቀመጥ ነበር። አሁን ሁለቱም ዓይኖቹ ወደ ውስጥ ሰርጉደዋል። መንጋጋውን በጣቷ ጫን አደረገችው፤ ተለመጠ። እግሮቹም ጎብጠዋል።

«ምላሱስ እንዴት ነበር?»

«ሦስት ወር ሆነው። ፌንጣውን አነጣጥሮ ያያል፤ አፉን ይከፍታል፤ ምላሱን ግን አይወረውርም። መልሶ ይዘጋዋል። መርዙን ቢያውቀው ነዋ!»

«የምን መርዝ?»

ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ነጭ ዱቄት። በየእሑዱ ትመጣለች። ፌንጣዎቹን ኩባያ ውስጥ ታደርግለትና ወጥ ቤት ሮጣ ትገባለች። ነገሩ ከነከነኝና በማጉያ መነጽሬ ባያቸው ዱቄት ነስንሳባቸዋለች! ሥራዋ መድኃኒት ቤት ነው፤ ምን ይቸግራታል?»

«ምን አድርጓት ነው የምትገድለው?»

«‹እኔ ጋ ይግቡና አብረን እንኑር› ትለኛለች። ‹አለቃን ለማን ትቼ?› እላታለሁ። ገባሽ?»

«እሱስ ገባኝ። ዱቄቱን ካዩ ስንት ጊዜ ሆነ?»

«ሰባት ወር ገደማ።»

«ሰባት ወር ሙሉ ሲያዩ ለምን ዝም አሉ?»

ሽማግሌው ከግድግዳው አንዱን ሰዓት አውርደው መሙላት ጀመሩ፤ ሰዓቱ ግን ሙሉ ነበር።

ሐኪሟ ዓይኗን ወደ ክፍሉ መለሰች። ሃያ የሚሆኑ ሰዓቶች ይቆጥራሉ፤ ከዚያና ከፌንጣዎቹ ጩኸት ሌላ ድምፅ የለም። የበረንዳው በር ተዘግቶ ሥሩ በጨርቅ ተወትፏል። የአለቃ የሽቦ ቤት ጥግ ላይ ነው፤ ውስጡ ያለው ተክል ቅጠል በቅጠል ተወልውሎ ደርቋል፤ ወለሉ ላይ አንድ ሳህን ውኃ ሞልቶ ተቀምጧል። ከጠረጴዛው ወረንጦዎች መካከል አንዲት ቀጭን ብሩሽ አየች። ጫፏ ነጭ ነው። ብሩሿን በወረቀት ጠቅልላ ኪሷ ከተተችና ወጣች።

ፎቅ ላይ የሚኖረው ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናውን ሳያቆም ነው ያናገራት። በሩ አጠገብ የፀረ ተባይ ጣሳ ተቀምጧል።

«እሱ ለትኋን ነው» አለ ዓይኗ የት እንዳረፈ አይቶ። «ፌንጣዎቹማ ቀን ከሌት ሲጮኹ ናላዬን አዙረውታል፤ አልዋሽሽም። ግን የጋሼን ቤት ማን ደፍሮ ይገባል? እኔን ካስገቡኝ ስምንት ወር አለፈ።»

«ከቀብሩ ወዲህ?»

«ከቀብሩ ወዲህ። ሚስታቸው ጠዋት ጠዋት አለቃን ትከሻቸው ላይ አድርገው በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። አላፊ አግዳሚው ሁሉ ሰላም ይላቸዋል። አሁን በረንዳው ተከፍቶ አያውቅም። ሰው ሰላም እንዳይላቸው ፈርተው ነው መሰለኝ።» መኪናውን አቆመ። «እኔም ወርጄ አላንኳኳሁም፤ እውነቱን ለመናገር።»

ሐኪሟ ስትወርድ የሽማግሌውን ልጅ እንደ እሑድ ልማዷ ስትመጣ ደረጃው ላይ አገኘቻትና የሆነውን ነገረቻት። ልጅቷ ባለችበት ቁጭ አለች።

«አባቴስ? አባቴ እንዴት ሆኑ?»

ሐኪሟ ይህቺን ጥያቄ ልብ አለቻት። «ዱቄቱ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀቻት።

ልጅቷ ከቦርሳዋ ትንሽ ቆርቆሮ አወጣች። «የእናቴ ነው። ሁልጊዜ ፌንጣዎቹ ላይ ትነሰንስ ነበር።»

«ለአባትሽ ለምን አልነገርሽም?»

«በቀብሩ ማግሥት ‹የእናትሽን ዕቃ አትንኪብኝ› አሉኝ። የእሷን ነገር ሳነሳ ፊታቸውን ያዞራሉ። ስለዚህ ተደብቄ...»

ለሐኪሟ ነገሩ ሁሉ ተገለጠላት፤ ደስ ግን አላላትም። አርጅቶ ነው የሞተው ብትል ሁሉም ወደየቤቱ በገባ ነበር። ግን ሽማግሌው አያምኗትም፤ ጥርጣሬያቸውን ይዘው ልጃቸውን ያባርራሉ። ልብስ ሰፊውን ጠርታ ሦስቱንም ጠረጴዛው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ሽማግሌው ልጃቸውን ቀና ብለው አላዩም።

«አለቃን የገደለው መርዝ አይደለም» ብላ ጀመረች። «መርዝ እንዲህ አጥንት አያጎብጥም። ይህ ወራት የፈጀ ሞት ነው፤ አጥንቱ ካልሲየም አጥቶ ልምጥምጥ ብሏል። ካልሲየም ያጣ እስስት ደግሞ ምላሱን መወርወር ያቅተዋል። ፌንጣውን አልጠላውም፤ መያዝ አቃተው እንጂ።»

«ዱቄቱስ?» አሉ ሽማግሌው።

ከቆርቆሮው ቆንጥራ ሳህን ላይ አደረገች፤ ብሩሿንም አጠገቡ አራገፈች። ከወጥ ቤት ሎሚ አምጥታ በሁለቱም ላይ ጨመቀች። ሁለቱም እኩል አረፋ ደፈቁ።

«አንድ ነገር ናቸው፤ ካልሲየም። ሚስትዎ ይሰጡት የነበረ መድኃኒት። ልጅዎ በየእሑዱ ስትሰጠው ኖራለች። አንዱ ግን የተገኘው ከእርስዎ ብሩሽ ነው።»

«እኔማ እየጠረግሁ ነው የማበላው!» አሉ ሽማግሌው በኩራት። «አንድ በአንድ በወረንጦ ይዤ። አንዲት ቅንጣት አላስቀረሁም!»

የተናገሩት ለራሳቸው እስኪሰማቸው ድረስ ጥቂት ጊዜ ወሰደ። ብሩሿን አነሡና መልሰው አስቀመጧት።

ሐኪሟ ቀስ ብላ ቀጠለች። «እስስት ከሳህን አይጠጣም፤ ከቅጠል ላይ ጠብታ ነው የሚልሰው። እርስዎ እርጥበት ሰዓት ያበላሻል ብለው ቅጠሉን አደረቁት። አቧራ እንዳይገባ በረንዳውን ዘጉት፤ ካልሲየሙ ደግሞ ያለ ፀሐይ ለአጥንት አይሆንም፤ በመስታወት ያለፈ ፀሐይም አይበቃውም። ሃምሳ ዓመት ሰዓት ከአቧራና ከእርጥበት ሲጠብቅ የኖረ እጅ ነው፤ አለቃንም እንደ ሰዓት ጠበቀው።»

«እንግዲያው የገደልኩት እኔ ነኝ።»

«አዎ፣ አባቴ» አለች ሐኪሟ። «ሊያድኑት ሲሉ።»

ልብስ ሰፊው አንገቱን ደፋ። ሽማግሌው መሐረቡን አስተካከሉና ወደ ሐኪሟ ዞሩ።

«ለምን ዝም አሉ ብለሽኝ ነበር። ብጠይቃት ትቀየመኛለች። ከተቀየመችኝ ትቀርብኛለች። መርዝ ነው ብዬ እያመንኩ እንኳ፣ እሑዴን እንዳላጣ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።» ፊታቸውን ወደ ልጃቸው መለሱ። «አሁን አለቃም የለም። ልጄ፣ ከእንግዲህ በምን ሰበብ ትመጫለሽ?»

«አባባ» አለች ልጅቷ እንባዋን በመዳፏ እየጠረገች፣ «እኔ እኮ እስስት እፈራለሁ።»

«ምን አልሽ?»

«ከልጅነቴ ጀምሮ። ኩባያውን አስገብቼለት ወጥ ቤት የምሮጠው መንቀጥቀጤን እንዳያዩብኝ ነው።»

«ስምንት ወር ሙሉ?»

«ስምንት ወር ሙሉ።»

ሽማግሌው ልጃቸውን ትኩር ብለው አዩዋት። ከወንበራቸው ተነሡና፣ «ነይ፣ እዚህ ተቀመጪ» አሏት።

ሐኪሟ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ሸኚ አልነበራትም። እኩለ ቀን እንኳ አልሆነም ነበር፤ የቀረው እሑድ ሁሉ የእሷ ብቻ ነበር።